«የት ነዎት?»፦ ከሄሊቪል እስከ አዲስ አበባ

ከበርሚንግሃም ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚነዳ ሰው ጃስፐር የተባለችውን ከተማ ካለፈ በኋላ ሰፊውን አውራ ጎዳና ትቶ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከዚያ ወዲያ የአላባማ ገጠር ነው። መንገዱ ይጠባል፤ ደኑ ይበዛል፤ በየኩርባው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ብቅ ትላለች። ካውንቲው ዊንስተን ይባላል። በ1861 የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ከአሜሪካ ኅብረት ሲገነጠሉ፣ የዚህ ኮረብታማ አገር ገበሬዎች፣ አብዛኞቹ ድሆችና ባሪያ የሌላቸው፣ አንገነጠልም ብለው አሻፈረን ያሉበት ስፍራ ነው። በካውንቲው መቀመጫ በደብል ስፕሪንግስ ግማሽ ልብሱ የሰሜን፣ ግማሹ የደቡብ የሆነ የወታደር ሐውልት ቆሟል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ትንሽ እልፍ ሲባል ሄሊቪል ትገኛለች። ነዋሪዋ አራት ሺህ ገደማ ነው። በፋብሪካ ተሠርተው በተጎታች መኪና ወደ ቦታቸው የሚጓዙ ቤቶች ሲመረቱባት የኖረች የሠራተኛ ከተማ ናት። ስሟን ከአላባማ ውጭ ያስጠራው ግን በማዘጋጃ ቤቷ ለዕይታ የተቀመጠ አንድ ቀይ ስልክ ነው። ዓርብ የካቲት 8 ቀን 1960 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በአሜሪካ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደወለው እዚህ ነበር።

የታሪኩ መነሻ ፉክክር ነው። በ1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት የወንጀል ጉዳይ ኮሚሽን ለፖሊስ መደወያ በመላ አገሪቱ አንድ ቁጥር እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ግዙፉ የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ቁጥሩ 911 እንዲሆን መምረጡን አስታወቀ። አጭር ነው፤ በቀላሉ ይያዛል፤ የየትኛውም አካባቢ መለያ ሆኖ አያውቅም። የትንሹ የአላባማ ቴሌፎን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ቦብ ጋላገር ዜናውን በጋዜጣ አነበቡና ግዙፉን ኩባንያ ለመቅደም ቆረጡ። ኩባንያቸው ከሚያገለግላቸው ከተሞች ሄሊቪል ተመረጠች። ሮበርት ፊትዝጀራልድ የተባለው ባለሙያቸው ከባልደረቦቹ ጋር ሌሊቱን እየሠራ፣ ሳምንት ሳይሞላ መስመሩን አዘጋጀ።

በዚያ ዓርብ የአላባማ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ራንኪን ፋይት ከከንቲባው ቢሮ ሆነው ሦስቱን ቁጥሮች ደወሉ። በፖሊስ ጣቢያው የተቀመጠውን ቀይ ስልክ ያነሡት የኮንግረስ አባሉ ቶም ቤቪል ነበሩ። «ሄሎ» አሉ። ሥነ ሥርዓቱ በዚሁ አበቃና ሹማምንቱ ቡናና ዶናት ቀረበላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ፣ በበረዷማዋ የአላስካ ከተማ ኖም፣ ሁለተኛው የ911 መስመር ተከፈተ።

ከቀዩ ስልክ አጠገብ ከነበሩት ሹማምንት አንዱን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያየው ይገባል። ዩጂን «ቡል» ኮነር ይባላል። በግንቦት 1963 የበርሚንግሃም የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽነር ሆኖ፣ ለመብታቸው አደባባይ በወጡ ጥቁር ሕፃናትና ወጣቶች ላይ የፖሊስ ውሻና የእሳት ማጥፊያ ውሃ ያስለቀቀው ሰው እሱ ነው። በዚያው ወር የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለመመሥረት አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር። የኡጋንዳው ሚልተን ኦቦቴ በበርሚንግሃም የሆነውን በማውገዝ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግልጽ ደብዳቤ የጻፉት ከዚያው ከአዲስ አበባ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ኮነር የስልክ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ በሄሊቪል ተገኘ። የእሳት ማጥፊያ ውሃ ነፍስ ለማዳን የተበጀ ነው፤ በእሱ ትእዛዝ የሕፃናትን ገላ ገርፏል። አዲስ የተዘረጋው መስመርም ለማን ፈጥኖ እንደሚደርስ የሚወስነው ከመስመሩ በስተጀርባ ያለው ሰው ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእነዚያው ዓመታት በፒትስበርግ ሂል ዲስትሪክት የሚኖሩ ጥቁሮች ሲታመሙ የሚመጣላቸው የፖሊስ መኪና ነበር። ይህን የቀየሩት ከ1967 ጀምሮ ፍሪደም ሃውስ በተባለው የአምቡላንስ አገልግሎት የሠለጠኑ፣ አብዛኞቹ ሥራ ያልነበራቸው የሰፈሩ ጥቁር ወጣቶች ናቸው።

የአንድ አስቸኳይ ቁጥር ሐሳብ ራሱ ከአሜሪካ አልተወለደም። በኅዳር 1935 በለንደን ዊምፖል ጎዳና የአንድ ሐኪም ቤት ተቃጠለና አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳቱን ያየ ጎረቤት ወደ እሳት አደጋ ለመደወል ሲሞክር እንደማንኛውም ደዋይ ወረፋ እንዲጠብቅ ተደረገ፤ በቁጣ ለጋዜጣ ጻፈ። በሰኔ 23 ቀን 1929 ዓ.ም. 999 ሥራ ጀመረ። በጢስና በጨለማ ውስጥ ጣት ሳይሳሳት የሚያገኘው ቁጥር እንዲሆን ታስቦ ነው። ጥሪ ሲገባ በስልክ ማዕከሉ ቀይ መብራት ይበራል፣ ጥሩንባም ይጮኻል። በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ሺህ በላይ ጥሪ ገባ። ያ ዓመት ለእኛ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ዓመት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ ባዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ፤ የአዲስ አበባ ሕዝብ ደግሞ «ድረሱልኝ» ብሎ የሚደውልበት ሥፍራ አልነበረውም።

የሄሊቪልን ቀይ ስልክ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። በዚያ የመጀመሪያ ጥሪ ላይ «የት ነዎት?» ተብሎ አልተጠየቀም። ደዋዩም ተቀባዩም አንዱ ሌላው የት እንዳለ ያውቁ ነበር። ዛሬ ከሲያትል እስከ ማያሚ፣ በአዲስ አበባም፣ ጥሪ ተቀባይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። መስመሩ ቢቋረጥ፣ ደዋዩ ራሱን ቢስት፣ ባትሪው ቢያልቅ፣ ቦታው ከታወቀ ሰው መላክ ይቻላል። ቦታው ካልታወቀ የቀረው ሁሉ ቢታወቅም ዋጋ የለውም።

በገጠሩ ኢትዮጵያ ኡኡታ ሲሰማ ማንም ሰው የት ነህ ብሎ አይጠይቅም። ድምፁ ራሱ አቅጣጫውን ይዞ ይመጣል፤ ጎረቤት ድምፁን ተከትሎ ይሮጣል። ስልክ ድምፅን በመቶ ኪሎ ሜትር አርቆ ሲያደርስ ይህን አቅጣጫ ነጠቀው። ጩኸቱ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። የጥሪ ተቀባይዋ ሙያ፣ ሌላው ሁሉ የሚደረብበት መሠረቱ፣ ይህን የተቆረጠ ድምፅ ከመሬት ጋር መልሶ ማገናኘት ነው። ከወንበሯ ሳትነሣ ሌሊቱን ሁሉ ትጓዛለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአውራ ጎዳና ግጭት ወደ አራተኛ ፎቅ ማዕድ ቤት፣ ከዚያ ወደ ወንዝ ዳር፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ትሄዳለች፤ አንዱንም በዓይኗ አታየውም።

የአሜሪካ የጥሪ ማዕከል መስኮቱ ጥቂት፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ አዳራሽ ነው። በአንዱ ጠረጴዛ ላይ አራት አምስት ስክሪን ይደረደራል፦ አንዱ ካርታ፣ አንዱ የጥሪው መዝገብ፣ አንዱ የፖሊስና የአምቡላንስ መኪኖች ያሉበትን የሚያሳይ፣ አንዱ ሬዲዮ። ጠረጴዛው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ፈረቃው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሚሆን ቆሞ መሥራትም ግድ ነው። በትልልቅ ማዕከሎች ሥራው ለሁለት ይከፈላል። አንዷ ስልኩን ትቀበላለች፤ ዲስፓቸሩ ደግሞ በሬዲዮ መኪና ይልካል። ተቀባይዋ እየሰማች ትጽፋለች፤ የጻፈችው በዚያው ቅጽበት በዲስፓቸሩ ስክሪን ላይ ይወጣል።

ይህን ያላወቀ ደዋይ ይናደዳል። «መጠየቁን ተዪና አምቡላንስ ላኪ!» ይላል። አምቡላንሱ ግን ተነሥቷል፤ ጥያቄው አላስቆመውም። ዕድሜው፣ ይተነፍስ እንደሆነ፣ ቤቱ ውስጥ መሣሪያ ያለው ሰው መኖር አለመኖሩ፣ ይህ ሁሉ በመንገድ ላይ ላሉት ሠራተኞች የሚተላለፍ ነው። ልምድ ያላት ተቀባይ በቁጣ ፊት ድምፅዋን አትጨምርም፤ ዝግ ታደርገዋለች። ያንኑ ዐረፍተ ነገር በዚያው ቃና ደጋግማ ትናገራለች፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ የደዋዩ ጆሮ ይከፈታል። ይህ የሚነበብ ሳይሆን በዓመታት የሚገኝ ችሎታ ነው።

ብሔራዊው የአስቸኳይ ቁጥር ማኅበር እንደሚገምተው ወደ 911 በዓመት 240 ሚሊዮን ያህል ጥሪ ይገባል። በብዙ ቦታ ከአሥሩ ስምንቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚደወለው ከተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። የቤት ስልክ በነበረበት ዘመን ቁጥሩ ከአድራሻ ጋር ተጣብቆ ይመጣ ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ ድምፁን እንደገና ከመሬት ነቀለው። ጥሪው መጀመሪያ የሚይዘው የኔትወርክ ማማ የጎረቤት ካውንቲ ሊሆን ይችላል። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ዳር፣ በዋሽንግተን ዲሲ ወሰን ላይ የሚኖር ሰው ደውሎ ዲሲ ሊያነሣበት ይችላል፤ ከዚያ ወደ ሜሪላንድ ይተላለፋል፣ ጊዜም ይሄዳል። ካርታው ላይ የሚታየው ነጥብ ሕንፃውን ቢያሳይ እንኳ ሰባተኛ ፎቅ ይሁን ምድር ቤት በእርግጠኝነት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬም፣ ከዚህ ሁሉ መሣሪያ ጋር፣ ጥያቄው ያው ነው።

በታኅሣሥ 2013 በቴክሳሷ ማርሻል ከተማ አንዲት እናት በሆቴል ክፍል ውስጥ ጥቃት ሲደርስባት የዘጠኝ ዓመት ልጇ በክፍሉ ስልክ ደጋግማ 911 ደወለች። ልጅቷ የተማረችውን በትክክል አድርጋለች። የሆቴሉ ስልክ ግን ወደ ውጭ ለመውጣት አስቀድሞ ሌላ 9 ይፈልግ ነበር፤ ይህን የነገራት የለም። እናቲቱ ሞተች። የልጅቷ አያት ዓመታት ከፈጀ ሙግት በኋላ በእናትየዋ ስም የሚጠራ ሕግ አስወጡ፤ ከሆቴልም ከቢሮም 911 ያለ ምንም ተጨማሪ ቁጥር እንዲገባ ያስገድዳል። ሕጉ የተፈረመው በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2018፣ በሄሊቪል ቀዩ ስልክ በጠራ በ50ኛ ዓመቱ ዕለት ነው።

የሙያውን ጥልቀት ለማየት ግን ከአላባማ ይልቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ሲያትል ወዳለችበት ኪንግ ካውንቲ መሄድ ይሻላል። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩበት፣ በሬኒየር ሸለቆ መንገድ ላይ የእንጀራ ቤቶች የሚታዩበት አገር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዶክተር ሚኪ አይዘንበርግና ባልደረቦቻቸው እዚህ አንድ ጥያቄ አነሡ። ልቡ በድንገት ለቆመ ሰው እያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድሉን በመቶ ከ7 እስከ 10 ይቀንሰዋል። አምቡላንስ ደግሞ የቱንም ያህል ቢፈጥን ደቂቃዎች ይወስዳል። በዚያ ቤት ውስጥ አስቀድሞ የደረሰው ማን ነው? ስልኩን ያነሣችው ሴት ናት። ታዲያ ደረት መጫንን ለምን በስልክ አታስተምርም?

ከዚያ በፊት በ1970ዎቹ አጋማሽ በፊኒክስ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መተንፈስ ላቆመ ሕፃን እናት በስልክ ምን እንደምታደርግ ከራሱ አመንጭቶ ነግሯት ነበር። በሶልት ሌክ ሲቲም ዶክተር ጄፍ ክላውሰን ጥሪ ተቀባዮች የሚመሩባቸውን የጥያቄና የመመሪያ ካርዶች በአሥርቱ መጨረሻ አዘጋጅተዋል። ኪንግ ካውንቲ ያደረገው ነገሩን በጥናት መርምሮ፣ በየጥሪው ቅጂ እየሰማ፣ ሰከንድ እየቆጠረ ማሻሻል ነው።

ሁለት ጥያቄ ነው ያለው። «ነቅቷል ወይ?» «በደንብ ይተነፍሳል ወይ?» ለሁለቱም መልሱ የለም ከሆነ ወዲያው መጫን መጀመር ነው። ችግሩ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። ልቡ የቆመ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ሊያቃስት፣ ሊያንኮራፋ፣ አየር ሊስብ ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ይተነፍሳል፣ ተመስገን!» ይላል። ያ ግን ትንፋሽ አይደለም፤ የሞት ጣር ነው። ልምድ ያላት ተቀባይ «ይተነፍሳል» በሚለው አትረካም። ስልኩን ወደ አፉ እንዲያስጠጉት ትጠይቃለች፤ ወይም «አየር በሳበ ቁጥር አሁን በሉኝ» ትላለች። «አሁን...» ከዚያ ረጅም ዝምታ። «አሁን...» በመሃሉ ያለው ርቀት ሁሉን ይነግራታል።

ከዚያ በኋላ የምትናገረው አጭርና የታወቀ ነው። ወለል ላይ በጀርባው ያስተኙት። አልጋ ላይ አይሆንም፤ ፍራሽ ይዋጣል። የመዳፍዎን ሥር ደረቱ መሃል ላይ ያድርጉ፣ ሌላውን እጅ ከላይ ይደርቡ። ክንድዎን ሳያጥፉ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ ይጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ጮክ ብለው ከእኔ ጋር ይቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አንዲት ሚስት ባሏን፣ አንድ ወንድም እህቱን፣ እያለቀሱ ይጫናሉ። በሩ ተከፍቶ የአምቡላንስ ሠራተኞች ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ቁጥሩ አይቋረጥም። በኪንግ ካውንቲ ሰው እያየው የወደቀና ልቡ በኤሌክትሪክ ንዝረት ሊመለስ የሚችል ሕመምተኛ፣ በአንዳንድ ዓመታት ከሁለት አንድ በላይ ይድናል፤ ከአብዛኛው የዓለም ከተማ ጋር የማይወዳደር ውጤት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ በስልኩ ጫፍ ያለችው ሴት ናት።

በሩ ሲከፈት ደግሞ መስመሩ ይዘጋል። ሰውዬው ይዳን አይዳን አብዛኛውን ጊዜ አታውቅም፤ ቀጣዩ ጥሪ እየጠራ ነው። የአሜሪካ ደረጃ ከአሥር ጥሪ ዘጠኙ በ15 ሰከንድ ውስጥ እንዲነሣ ይጠይቃልና ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ጊዜ የለም። በ2012 የሰሜን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጥሪ ተቀባዮች ላይ ያደረጉት ጥናት ሠራተኞቹ በዓይናቸው ባላዩት ነገር ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት እንደሚደርስባቸው አሳይቷል። ከሁሉ የከበደ ብለው በብዛት የጠቀሱት የሕፃን ያልታሰበ ጉዳት ወይም ሞት ነው። ይህ ሆኖ ሳለ የፌዴራሉ መንግሥት የሙያ ምደባ እነዚህን ሰዎች ከጽሕፈትና ከአስተዳደር ድጋፍ ሠራተኞች ጋር መድቧቸው ኖሯል። በርካታ ክፍለ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጎን አሰልፈዋቸዋል። ትክክሉም ይሄ ነው። በደረት ላይ ያለውን እጅ በድምፅ የሚመራ ሰው የጽሕፈት ሠራተኛ ሊባል አይገባውም።

ከሲያትል ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ሲመጣ ሌላ ዓይነት ርቀት ይገጥማል። የዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በዘጠነኛው ጎዳናና በዩ ስትሪት አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ እናቶችና አባቶች እንግሊዝኛ ባይችሉም 911 መደወል ይችላሉ። ማለት ያለባቸው «አምሃሪክ» ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛው ስሙ። ተቀባይዋ በሦስተኛ መስመር አስተርጓሚ ታስገባለች። የዚህ ዓይነቱ የስልክ ትርጉም የተጀመረው በ1982 በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የፖሊስ መኮንን ነበር።

አስተርጓሚው ሌላ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሳሎኑ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ከዲሲ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እናቲቱ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። «እማማ፣ ቤቱ ስንት ቁጥር ነው? በር ላይ የተጻፈ አለ?» በኢትዮጵያ ወግ ሰላምታና የነገሩ መነሻ ይቀድማል፤ «ጠዋት ደህና ነበር፣ ቁርሱን በላ፣ ከዚያ...» ይባላል። ጎበዝ አስተርጓሚ ሳያስቀይም አቋርጦ ወደ ቦታው ይመልሳል። ልጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ብቻቸውን ቤት የሚቀመጡ አያቶች ስላሉ፣ የቤቱ አድራሻ በላቲን ፊደል በትልቁ ተጽፎ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ቢለጠፍ፣ እንግሊዝኛ ባይችሉ እንኳ ፊደሉን አንድ በአንድ ሊያነቡት ይችላሉ። ቁጥሩ ከተደወለ በኋላም ስልኩን አለመዝጋት ነው። ዝም ቢል እንኳ ክፍት መስመር ከተዘጋ ይሻላል።

አዲስ አበባ ላይ ሥራው የሚከብደው በተቃራኒው በኩል ነው። ቋንቋው አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠፋው ቦታው ነው። የከተማው ሰው የቤት ቁጥር ይዞ አይሄድም፤ አቅጣጫ የሚነግረው በሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በነዳጅ ማደያ ነው። «ሚካኤል ጋ ነኝ» የሚል ሰው ቦሌ ሚካኤል ነው፣ የካ ሚካኤል ወይስ ሲኤምሲ ሚካኤል ቢባል፣ ጥያቄው ራሱ አይገባውም፤ ለእሱ ሚካኤል አንድ ነው። ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለትና ጀሞ ሦስት አለ፤ በየኮንዶሚኒየሙ የሚመሳሰሉ ብሎኮች ተደርድረዋል፤ በሌሊት ደግሞ የብሎኩ ቁጥር አይነበብም።

ስለዚህ የአዲስ አበባዋ ልምድ ያላት ተቀባይ የሲያትሏ የማታውቃቸውን ጥያቄዎች ታውቃለች። «የኔ እናት፣ ከየትኛው አስፋልት ነው የሚገባው? ታክሲ የሚያቆመው የት ጋ ነው? ኮብልስቶኑ መኪና ያስገባል? አስፋልት ላይ ወጥቶ የሚጠብቅ ልጅ አለ? ምን ለብሷል?» የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በጨለማ ለሚመጣ ሾፌር ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ከየትኛውም ካርታ ይበልጣል። ቤተሰብ አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ የሚልክበት ልማድ በየሰፈሩ አለ። ኡኡታው ያጣውን አቅጣጫ ሰው በእግሩ ሄዶ ይመልስለታል።

በከተማዋ የሚደወለው አንድ ቁጥር አይደለም። ለፖሊስ 991፣ ለእሳትና ለአደጋ 939፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ 907 ነው። ጠብታ አምቡላንስ ደግሞ 8035 አለው፤ በሰመመን ሰጪ ነርስነት የሠሩት አቶ ክብረት አበበ በ2008 ቤታቸውን ሸጠው የጀመሩት የግል አገልግሎት ነው። ከከተማ ውጭ ለየወረዳው የተሰጠው አምቡላንስ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በሾፌሩ የግል ስልክ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ከመንገድ ዳር ለማድረስ ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረቤቶች የዚህ ሰንሰለት አካል ናቸው።

መኪና ተጋጭቶ፣ ነዳጅ ፈሶ፣ ሰው ተጣብቆ ሲገኝ አንድ የደነገጠ ሰው ሦስት ቁጥር አስታውሶ ሦስት ጊዜ «የት ነዎት?» ተብሎ መጠየቅ የለበትም። ቁጥሮቹ አንድ ሊሆኑ ይገባል፤ ሄሊቪል ሳምንት ባልሞላ ጊዜ መስመሩን ዘርግታለች። ከመስመሩ ይልቅ ጊዜ የሚወስደው ከተማዋን የሚያውቅ ጆሮ ማፍራት ነው። ያ እውቀት ደግሞ በከተማዋ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። የታክሲ ረዳቶች ካርታ ላይ የሌለውን የማቆሚያ ስም ሁሉ ያውቃሉ፤ የአምቡላንስ ሾፌሮች የትኛው ቅያስ በክረምት እንደሚዘጋ ያውቃሉ፤ የኮንዶሚኒየም ጥበቃዎች ብሎኮቹን በስም ይለያሉ። አዲስ ጥሪ ተቀባይ ጆሮ ማዳመጫውን ከማድረጓ በፊት ከሜክሲኮ እስከ ጀሞ፣ ከመገናኛ እስከ የካ አባዶ፣ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ በሚኒባስ ብትሄድና ረዳቱ የሚጠራውን የማቆሚያ ስም አንድ በአንድ እየመዘገበች ብትመለስ፣ ሥልጠናው ከዚያ ሊጀመር ይችላል።